«ትናንት አይቼዋለሁ»፦ የእንግሊዝኛን የግሥ ጊዜ በምን መለያ እንምረጥ?

ጠመኔ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የግሥ ጊዜያትን ስም ከነቀመራቸው አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ከግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ጋር ሲቀናጅ ፕረዘንት ፐርፌክት እንደሚባል የማያውቅ የለም። ነገር ግን ስለ ራሳቸው አንድ አንቀጽ እንዲጽፉ ባዘዝኋቸው ቁጥር «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» የሚል ዓረፍተ ነገር በብዙ ደብተሮች ላይ አገኛለሁ፤ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለታቸው ነው። «ፕረዘንት ፐርፌክት ከየስተርደይ ጋር አይሄድም» እላቸዋለሁ፣ ይጽፉታል፣ ይሸመድዱታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «አይ ሃቭ ፊኒሽድ ግሬድ ኤይት ላስት ይር» ብለው ይመጣሉ።

ሕጉ በየመማሪያ መጽሐፉ ስላለ እሱን አልጠይቅም። ለማወቅ የምፈልገው ተማሪው ለምን ወደዚያ ቅርጽ እንደሚሳብና ከመጻፉ በፊት ራሱን ምን ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛውን ሊመርጥ እንደሚችል ነው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን የጻፍሁት ይህን የውይይት ክር ለተማሪዎቼ ወላጆች ጭምር ስለማሳያቸው ነው፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል።


ሰንጠረዥ፦

መምህር፣ እኔ የማስጠናቸው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን ነው። ፈተናው ምርጫ ነው፣ ሰዓቱም አጭር ነው፤ ስለዚህ ተማሪው ስለ ጊዜ ምንነት እንዲመራመር አላደርገውም። ቁልፍ ቃሉን ይፈልግ። «የስተርደይ»፣ «አጎ» ወይም «ላስት» ካለ ሲምፕል ፓስት (እንደ «ሶው» ያለውን ተራ የኃላፊ ቅርጽ) ይምረጥ፤ «ሲንስ»፣ «ፎር»፣ «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ» ወይም «የት» ካለ ፕረዘንት ፐርፌክት ይምረጥ፤ «ናው» ካለ ፕረዘንት ኮንቲኒየስ (እንደ «ኢዝ ስሊፒንግ»)፣ «ባይ ዘ ታይም» ካለ ፓስት ፐርፌክት (እንደ «ሃድ ሲን») ይምረጥ። ይህን በአንድ ሠንጠረዥ አድርጎ ከመኝታው በላይ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። የኔ ተማሪዎች በዚህ ዘዴ ብዙ ጥያቄ ያገኙበታል።


ቦዝ አንቀጽ፦

የመምህሩ ጥያቄ «ለምን ወደዚያ ይሳባሉ?» የሚል ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። በአማርኛ ሰዋስው የቅርብ ኃላፊ የምንለው ቅርጽ ከቦዝ አንቀጽና ከ«አለ» የተሠራ ነው፤ «አይቶ» እና «አለ» ተጣምረው «አይቷል» ይሆናሉ። እንግሊዝኛውም «ሃዝ» የሚለውን ረዳት ግሥ ይዞ «ሃዝ ሲን» ይላል። ሁለቱም ረዳት ግሥ ስላላቸውና ሁለቱም የተፈጸመ ነገርን ከአሁን ጋር ስለሚያያይዙ፣ መምህራን «አይቷል» ማለት «ሃዝ ሲን» ነው፣ «አየ» ማለት ደግሞ «ሶው» ነው ብለን አስተምረናል። ይህ እኩልነት ግማሽ መንገድ ድረስ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው የተወሰነ ጊዜ ሲጠቀስ ነው። የአማርኛው የቅርብ ኃላፊ እንደ «ትናንት» ያለ የትኛውንም ያለፈ ጊዜ የሚጠቅስ ተውሳክ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበላል፤ ስሙ «የቅርብ» ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት በፊት ለሆነ ነገርም ያገለግላል። «አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጣሊያንን ድል አድርገዋል» ብንል ማንም አማርኛ ተናጋሪ ጆሮውን አይቆረቁረውም። በእንግሊዝኛ ግን ዓመቱ፣ ማለትም 1896 እ.ኤ.አ.፣ ከተጠቀሰ «ሃቭ ዲፊትድ» ማለት አይቻልም፤ «ዲፊትድ» ብቻ ነው የሚባለው።

እንግሊዝኛው እንዲህ የሚያደርገው ፕረዘንት ፐርፌክት ድርጊቱን እስከ አሁን ክፍት በሆነ ዘመን ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ነው። ዘመኑ ከተዘጋ ቅርጹ ይወድቃል። ይህን በግልጽ የሚያሳየው የሁለት ሯጮቻችን ምሳሌ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ የኦሎምፒክ ማራቶን አሸንፎ በ1973 እ.ኤ.አ. አርፏል። ስለ እሱ ዓመት ሳንጠቅስ እንኳ «አበበ ዎን ቱ ኦሎምፒክ ማራቶንስ» እንላለን እንጂ «ሃዝ ዎን» አንልም፤ የባለታሪኩ ዕድሜ ስለተዘጋ ዘመኑም ተዘግቷል። በ1996 በአትላንታና በ2000 በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግን በሕይወት ስላለ «ኃይሌ ሃዝ ዎን ቱ ኦሎምፒክ ጎልድ ሜዳልስ» ማለት ትክክል ነው። ወዲያው «ኢን አትላንታ ኢን 1996» ብለን ስንጨምር ግን ስለዚሁ ስለ ኃይሌ «ዎን» ወደሚለው እንመለሳለን። አማርኛው ለሦስቱም «አሸንፏል» ይላል።

ስለዚህ ተማሪው ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ የምናገርበት ዘመን ተዘግቷል ወይስ አሁንም ክፍት ነው? «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥም ሆነ በተናጋሪውና በሰሚው ሐሳብ ውስጥ ያለቀ ጊዜ መልስ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ሲምፕል ፓስት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ለተማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህኛው ይመስለኛል። አማርኛ በአዎንታ የሚለያቸውን ሁለቱን ቅርጾች በአሉታ አንድ ያደርጋቸዋል። «በላሁ» እና «በልቻለሁ» ሁለቱም ሲፈርሱ «አልበላሁም» ይሆናሉ። እንግሊዝኛው ግን በአሉታም እንደ ለያያቸው ይቀጥላል፤ «ትናንት አልበላሁም» ሲሆን «አይ ዲድ ኖት ኢት»፣ «ገና አልበላሁም» ሲሆን «አይ ሃቭ ኖት ኢትን የት» ነው። «የመጣው ሰው» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «የመጥቷል ሰው» ስለማይባል፣ የመጣው ሰው አሁን እዚህ ይኑር ወይም ከሄደ ይቆይ ግሡ ራሱ አይነግረንም። በእነዚህ ቦታዎች ተማሪው አማርኛውን መስማት ምንም አይረዳውም፤ ያንን የዘመን ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው ያለው አማራጭ።


ሪፖርት ጸሐፊ፦

ለሰንጠረዥ አንድ ጥያቄ አለኝ። «ፎር» ካለ ፕረዘንት ፐርፌክት ይሁን ብለዋል። እኔ ጎንደር ሦስት ዓመት ኖሬ ወደ አዲስ አበባ መጥቻለሁ፤ ስለዚህ «አይ ሊቭድ ኢን ጎንደር ፎር ስሪ ይርስ» እላለሁ። እዚያው የቀረው ወንድሜ ደግሞ «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ጎንደር ፎር ስሪ ይርስ» ይላል። በሁለቱም ውስጥ «ፎር» አለ። «ባይ ዘ ታይም ዩ አራይቭ፣ አይ ዊል ሃቭ ሌፍት» የሚለውስ ከሠንጠረዡ በየትኛው ረድፍ ይገባል? ይህ ስላልሆነው ነገ የሚናገር ስለሆነ በፓስት ፐርፌክት ሊጻፍ አይችልም።


ሰንጠረዥ፦

ተቀብያለሁ። «ፎር» እና «ባይ ዘ ታይም» ከሠንጠረዡ ይውጡ፤ ተማሪው እዚያ ጋ ማሰብ አለበት። «የስተርደይ» እና «አጎ» ግን ፕረዘንት ፐርፌክትን በፍጹም አያስጠጉም፤ እነሱን አስቀራለሁ። ከፈተና አዳራሽ ውጭ ያለውን የጽሑፍ ሥራ በተመለከተ የቦዝ አንቀጽ ሐሳብ የተሻለ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ከአዳራሹ ውስጥ ግን ሁለቱንም መያዝ አይጎዳም።


ተፈታኝዋ፦

ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት፣ በጣም አመሰግናለሁ። ቦዝ አንቀጽ ያሉት የዘመን ጥያቄ «አይቷል» ላይ ይሠራልኛል፤ «ተኝቷል» ላይ ግን ግራ ገባኝ። «ወንድሜ ተኝቷል» የሚለውን የመለማመጃ መጽሐፌ «ማይ ብራዘር ኢዝ ስሊፒንግ» ብሎታል። ዘመኑ ክፍት ነው፣ ቅርጹም የቅርብ ኃላፊ ነው፤ «ሃዝ ስሌፕት» ለምን አልሆነም?


ቦዝ አንቀጽ፦

እኅቴ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆምሽው። አማርኛ ውስጥ ወደ አንድ ሁኔታ መግባትን የሚናገሩ ብዙ ግሦች አሉ፦ ተኛ፣ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ለበሰ፣ ያዘ፣ ደከመ፣ ራበ። «ተኛ» ማለት ወደ እንቅልፍ ገባ ማለት ስለሆነ፣ «ተኝቷል» ስንል ገብቶበት አሁን እዚያው ውስጥ ነው ማለታችን ነው። የእንግሊዝኛው «ስሊፕ» ግን የሚናገረው እንቅልፍ ውስጥ ስላለው ቆይታ ነው እንጂ ስለ መግቢያው አይደለም፤ ስለዚህ አሁን ያለውን ሁኔታ የሚገልጸው በፕረዘንት ኮንቲኒየስ ነው። «ካፖርት ለብሷል» የሚለው «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ኮት» ይሆናል። «እየለበሰ ነው» የሚለውን ደግሞ በዚሁ በ«ዌሪንግ» ልትተረጉሚው ትፈልጊ ይሆናል፤ እሱ ግን እጁን ወደ እጅጌው እያስገባ ነው ማለት ስለሆነ «ሂ ኢዝ ፑቲንግ ኦን ኤ ኮት» ነው። «ገብቶኛል» ደግሞ «አይ አንደርስታንድ» ይሆናል፤ «አንደርስታንድ» የሁኔታ ግሥ ስለሆነ ኮንቲኒየስንም እንደ ልብ አይቀበልም።

እንግዲህ ከዘመን ጥያቄ በፊት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ ማለት ነው፤ ይህ ግሥ አሁን ስላለ ሁኔታ ነው የሚናገረው ወይስ ስለ ተፈጸመ ድርጊት? ሁኔታ ከሆነ ፕረዘንት ነው፤ የዘመኑ ጥያቄ ለድርጊት ብቻ ይቀራል።


ከነታንያ፦

እኔ የምጽፈው ከእስራኤል ነው። እዚህ ያደጉ የኛ ልጆች እንግሊዝኛን የሚማሩት በዕብራይስጥ በኩል ሲሆን ችግራቸው ከጠመኔ ተማሪዎች የተገላቢጦሽ ነው። የዘመኑ ዕብራይስጥ ለኃላፊ ጊዜ ያለው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው፤ «ራኢቲ ኦቶ» የሚለው «አየሁት»ም «አይቼዋለሁ»ም ነው። ስለዚህ ልጆቹ ለሁሉም ሲምፕል ፓስት ይጽፋሉ፤ ፕረዘንት ፐርፌክት በሚያስፈልግበት ቦታ ሳይቀር። እስካሁን ለቀጠለ ነገር ደግሞ ዕብራይስጡ ተራውን የአሁን ጊዜ ስለሚጠቀም፣ «አኒ ጋር ፖ ኤሴር ሻኒም» የሚለውን ይዘው «አይ ሊቭ ሂር ቴን ይርስ» ይላሉ፤ ትክክሉ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ቴን ይርስ» ነው።

ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገሩትን ልጆች «በልቻለሁ» እና «በላሁ» አንድ ናቸው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ልዩነቱን ይሰሙታል። ከዚያ ተነሥቼ ፕረዘንት ፐርፌክትን አስረዳቸዋለሁ። ለጠመኔ ተማሪዎች ወጥመድ የሆነው አማርኛ ለኔዎቹ መወጣጫ ሆኗል። ለዚህ ነው «አማርኛውን እርሱት» የሚለው የአንዳንድ መምህራን ምክር የማይዋጥልኝ።


ሪፖርት ጸሐፊ፦

እኔ በሙያዬ ከየወረዳው የሚመጡ የእንግሊዝኛ ሪፖርቶችን አርማለሁ፤ ከማርመው ውስጥ በፕረዘንት ፐርፌክት የሚሳሳተው አነስተኛ ነው። ገጹን የሚሞላው «ሃድ» ነው። «ባለፈው ወር ሦስት ጤና ጣቢያዎችን ጎብኝተን ነበር፤ ከባለሙያዎቹ ጋር ተወያይተን ነበር፤ ጉድለቱንም መዝግበን ነበር» የሚለው አስተሳሰብ «ዊ ሃድ ቪዚትድ»፣ «ዊ ሃድ ዲስከስድ»፣ «ዊ ሃድ ሪኮርድድ» እየሆነ ይመጣል። የእንግሊዝ አንባቢ ይህን ሲያነብ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሆነ ሌላ ድርጊት ይጠብቃል፤ «ይህ ሁሉ ከምን በፊት ነበር?» ይላል፣ ሪፖርቱ ግን መልስ ሳይሰጠው ያልቃል።

የአማርኛው የሩቅ ኃላፊ እንዲህ ያለ ተከታይ ድርጊት አይጠይቅም። «ትናንት ቢሮህ መጥቼ ነበር» የምንለው መጥቼ አጣሁህ ለማለት፣ ወይም የመምጣቴ ውጤት አሁን የለም ለማለት ነው። ለዚህ እንግሊዝኛው «አይ ኬም ቱ ዩር ኦፊስ የስተርደይ» ይላል፤ «ሃድ» አያስፈልገውም። ፓስት ፐርፌክት የሚገባው ሁለት ያለፉ ነገሮች ሲኖሩና ትረካው ከኋለኛው ተነሥቶ ወደ ፊተኛው ሲመለስ ነው፦ «ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ነርስ ሃድ ሌፍት»፤ ስንደርስ ነርሷ ሄዳ ነበር። እዚህ «ሃድ» የሚለውን አውጥታችሁ «ዘ ነርስ ሌፍት» ብትሉ እኛ ስንደርስ እሷ ተነሥታ ሄደች የሚል ሌላ ታሪክ፣ ምናልባትም ሌላ ቅሬታ ይወጣዋል።

ድርጊቶቹ በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል የሚተረኩ ከሆነ ደግሞ ሁሉም በሲምፕል ፓስት ይሄዳሉ። «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ» የሚለው ውብ የቦዝ ሰንሰለታችን «ሂ ጎት አፕ፣ ወሽድ፣ ኤት ብሬክፋስት ኤንድ ሌፍት» ነው የሚሆነው። አንዳንድ ጸሐፊ በእያንዳንዱ ቦዝ ላይ «ሃቪንግ» እያስገባ ዓረፍተ ነገሩን ያስጨንቀዋል፤ አንድ ቢሆን ያምራል፣ ሦስት ሲሆን ግን አይነበብም።

ሌላው የምሰርዘው «አይ አም ወርኪንግ ሂር ሲንስ 2008» የሚለውን ነው። «ከ2008 ጀምሮ እየሠራሁ ነው» ማለት ነው፤ ትክክሉ «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር ሲንስ» ብሎ ዓመቱን መጥቀስ ነው። ዓመቱ ራሱ በኛ አቆጣጠር ከሆነና ለውጭ አንባቢ ካልተለወጠ ሰውየው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የረዘመ ልምድ ያለው ይመስላል። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ባይሆንም ያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለማገኘው አንሥቼዋለሁ።


ጠመኔ፦

ሪፖርት ጸሐፊ ስለ «ነበር» የጻፉትን ሳነብ የተማሪዎቼ ደብተር ታየኝ። ግን አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚስማሙ ይመስለኛል። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ስንል የምንፈልገው አሁን ሆኖ ሳለ ለአክብሮት ወደ ኋላ እናሸሸዋለን፤ እንግሊዞችም «አይ ዎንትድ ቱ አስክ ዩ» ይላሉ። «ስምዎ ማን ነበር?» የሚለውም በእነሱ ዘንድ አቻ አለው። ተማሪ ይህን ሲሰማ የኃላፊ ቅርጽ ሁልጊዜ ስላለፈ ጊዜ ብቻ እንደማይናገር ያያል።


የፖቶማክ ማዶ፦

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። ጠመኔ ለተማሪዎችዎ ሲያስረዱ አንድ ነገር ቢያስጠነቅቋቸው ጥሩ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ውስጥ የሚሰማው እንግሊዝኛ ከመማሪያ መጽሐፉ ይለያል። የእንግሊዝ ሰው «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» በሚልበት ቦታ አሜሪካዊ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ሊል ይችላል፤ «አይ ጀስት ኤት» ማለትም የተለመደ ነው። ስለዚህ «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ» እና «የት» ሲምፕል ፓስትን ፈጽሞ አያስጠጉም ማለት አይቻልም። ፊልም እያዩ እንግሊዝኛ የለመዱ ልጆች ይህንን ይዘው ይመጣሉና «ተሳስታችኋል» ከማለት ይልቅ በንግግር የአሜሪካው አነጋገር እንደሆነ፣ በፈተና ላይ ግን ፐርፌክቱ እንደሚጠበቅ ቢነግሯቸው ይሻላል። «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ግን በሁለቱም አገር ስሕተት ነው።

ሌላው እዚህ ባሉ አዲስ መጪ ዘመዶቻችን ላይ የማየው የሌላን ሰው ቃል ሲያስተላልፉ ነው። አማርኛ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ «ነገ እመጣለሁ አለኝ» ስንል «እመጣለሁ» ባዩ እሱ ነው፣ ሰሚውም አይሳሳትም። ይህ እንዳለ ተወስዶ «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ካም ቱሞሮው» ሲባል ግን አሠሪው የሚመጣው ተናጋሪው ራሱ ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ባዩንም ጊዜውንም ይለውጣል፦ «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዉድ ካም ዘ ኔክስት ደይ»። ነገሩ አሁንም እውነት ከሆነ ጊዜውን አለመለወጥ ይፈቀዳል፤ «ሂ ሴድ ሂ ሊቭስ ኢን ባልቲሞር» ማለት ይቻላል፣ ሰውየው ዛሬም እዚያ የሚኖር እስከሆነ ድረስ።


አመልካች፦

አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለምትወስዱ አጭር ማስታወሻ ልተው። ከአራቱ የጽሑፍ መመዘኛዎች አንዱ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ነው። በአካዳሚክ ዘርፍ የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ከተሰጣችሁ ከማንኛውም ነገር በፊት ዓመታቱን ተመልከቱ። ከ1990 እስከ 2010 ከሆነ ዘመኑ ስለተዘጋ በሲምፕል ፓስት ጻፉ፤ እስከ አሁን የሚደርስ ከሆነ ፕረዘንት ፐርፌክት ይገባል፤ ያልደረሰ ዓመት ካለበት «ኢዝ ኤክስፔክትድ ቱ» የሚለውን ተጠቀሙ። ምንም ዓመት ከሌለው ተራው ፕረዘንት ይበቃል። ብዙ ሰው መግቢያውን «ዘ ግራፍ ሾውስ» ብሎ በፕረዘንት ከጀመረ በኋላ ሳያስተውል እስከ መጨረሻው በዚያው ይዘልቃል።


ተፈታኝዋ፦

አሁን ደግሞ «ኢፍ» እና «ዌን» ይቀሩኛል። «ሲመጣ እነግረዋለሁ» የወደፊት ሆኖ ሳለ «ዌን ሂ ዊል ካም» ለምን አይባልም? «ከመጣ» የሚለውስ የኃላፊ ቅርጽ አይደለም ወይ?


ቦዝ አንቀጽ፦

ሁለቱም ጥያቄዎችሽ ከአንድ ሥር ይወጣሉ። እንግሊዝኛ በ«ዌን»፣ በ«ኢፍ»፣ በ«ቢፎር»፣ በ«አንቲል» በሚጀምር ጥገኛ ሐረግ ውስጥ የወደፊቱን ጊዜ በተራው ፕረዘንት ይናገራል፤ «ዊል» በዋናው ሐረግ ላይ አንድ ጊዜ ከተነገረ ይበቃል። ስለዚህ «ዌን ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ነው። አማርኛውም ቢሆን በ«ሲመጣ» ላይ የወደፊትን ምልክት አላደረገም፤ «ሲመጣል» አይባልም። ተማሪው «ዊል» የሚጨምረው ከአማርኛው ወስዶ ሳይሆን ነገሩ ነገ የሚሆን ስለሆነ ብቻ ነው።

«ከመጣ» ግን ያልሽው ነው፤ ቅርጹ የኃላፊ ነው፣ ትርጉሙ የወደፊት። ይህን የሚከተል ተማሪ «ኢፍ ሂ ኬም፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ይላል። በእንግሊዝኛ «ኬም» ከ«ኢፍ» በኋላ ሲመጣ ነገሩ የማይመስል ወይም ሐሳባዊ መሆኑን ያመለክታልና ዋናው ሐረግም «ዉድ ቴል» መሆን አለበት። ሊሆን ለሚችል ነገር «ኢፍ ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ቴል ሂም» በይ። «ገንዘብ ቢኖረኝ ቤት እገዛ ነበር» የሚለው የዛሬ ምኞት ስለሆነ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኤ ሃውስ» ነው፤ «ቢመጣ ኖሮ እነግረው ነበር» የሚለው ያመለጠ ዕድል ስለሆነ ደግሞ «ኢፍ ሂ ሃድ ካም፣ አይ ዉድ ሃቭ ቶልድ ሂም» ነው። ለሁለቱም አማርኛው መጨረሻ ላይ «ነበር» ስላስቀመጠ እሱን ብቻ አይተሽ አትወስኚ፤ «ኖሮ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ያመለጠውን ነው የሚያሳይሽ።

ስለ ወደፊት ከተነሣ አንድ የሚያስደስት ስምምነት አለ። «ሊዘንብ ነው» ሰማዩን አይተን የምንለው ስለሆነ «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ሬይን» ጋር ልክ ይገጥማል። «መጣሁ» ግን አይገጥምም። አስተናጋጅ ተጠርቶ «መጣሁ!» ሲል ገና አልተንቀሳቀሰም፤ እንግሊዝኛው «አይ አም ካሚንግ» ነው። በ«አይ ኬም» ቢተረጎም ደንበኛው ዞሮ የት እንዳለ ይፈልገዋል።


ጠመኔ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከዚህ ክር ተነሥቼ የሚቀጥለውን ሳምንት መልመጃ አዘጋጅቻለሁ። አምስቱም ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ በቅርብ ኃላፊ የተጻፉ ናቸው፤ ተማሪው በመጀመሪያ «ሁኔታ ነው ወይስ ድርጊት?»፣ ድርጊት ከሆነ ደግሞ «ዘመኑ ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው?» ብሎ ጠይቆ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳቸዋል።

ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታለች።
ደራርቱ ቱሉ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝታለች።
አያቴ በር ላይ ቆመዋል።
ዛሬ ጠዋት ሦስት ሲኒ ቡና ጠጥቻለሁ።
ደክሞኛል።

መልሶቼ በቅደም ተከተል «ዎን»፣ «ሃዝ ዎን»፣ «ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሃቭ ድራንክ» እና «አም ታየርድ» ናቸው። የሚታረም ካለ ንገሩኝ።


ሰንጠረዥ፦

ጥሩ መልመጃ ነው፤ እኔም ልወስደው ነው። ከአምስቱ ውስጥ የኔ ሠንጠረዥ የሚረዳው የመጀመሪያውን ብቻ መሆኑን ሳልወድ አስተውያለሁ።


ሪፖርት ጸሐፊ፦

አራተኛው ላይ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ ሦስተኛው የግሡ ቅርጽ «ድራንክ» በ«ዩ» ፊደል የሚጻፈው ስለሆነ በፊደላችን ሲጻፍ ከሁለተኛው ቅርጽ ጋር እንዳይምታታ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛው ፊደል ጻፉላቸው። ሁለተኛ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ትክክለኛ መልስ አለው። ጠዋቱ ሳያልቅ የሚናገር ሰው «አይ ሃቭ ድራንክ» ይላል፤ ከምሳ በኋላ የሚናገር ግን ጠዋቱ ተዘግቶበታልና ሲምፕል ፓስቱን ይጠቀማል። ተማሪው ተናጋሪው በስንት ሰዓት እንደሚናገር ካላወቀ ሊመርጥ አይችልም።


ተፈታኝዋ፦

እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር፤ የኔ መልስ ሲምፕል ፓስት ነበር የወጣው፣ ከሰዓት በኋላ ስለሠራሁት መሰለኝ።


ጠመኔ፦

ልክ ናችሁ። ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ እሰጣቸዋለሁ፤ አንዱ ላይ «ከጠዋቱ አራት ሰዓት»፣ ሌላው ላይ «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት» ብዬ ከጎኑ እጽፋለሁ፣ መልመጃውም ስድስት ጥያቄ ይሆናል።